ውኃ የማይጠጣ ታንኳ

ባሕር ዳር፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሂሻም ዳውድ
ናይሮቢ

አሰላሙ አለይኩም ሂሻምዬ። ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራህ እንዴት ሆነልህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሚስራ አድጋ ጫማዬን መልበስ ጀምራለች። አባባም አሉ፤ የእሳቸውን ወደ ታች እጽፍልሃለሁ፣ ዘለህ እንዳታነብ።

የሠራኸውን የታንኳ ጌም ከላክህልኝ ሦስት ሳምንት ሞላው። ሥራህን ለቅቀህ በእሱ ብቻ ትቆም ወይስ ትተወው እንደሆን እስከ ወሩ መጨረሻ መወሰን እንዳለብህ ነግረኸኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ ብለኸኛል። በቴሌግራም አንድ ልብ ልኬ ልገላገልህ ነበር፤ በልጅነታችን ግን ዋሽቼህ ስለማላውቅ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ለሚስራ ሰጠኋት። አራት ደቂቃ ተጫወተች። ከተማ የሚደርሰውን እንጨት ጭና ታንኳውን ከዘጌ ገፋች፣ ጉማሬው ገለበጣት፣ እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ገለበጣት፤ ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ። ምነው ብላት ጥያቄውን አዘነበችብኝ። ዛሬ ስለገባሁ ሽልማቴ ምንድን ነው፣ ጓደኞቼ የት ናቸው፣ የታንኳው ቀለም አይቀየርም ወይ፣ አዲስ አፕዴት መቼ ይመጣል። አጎትሽ እኮ ነው የሠራው አልኋት።

«አጎቴ ጎበዝ ነው» አለች። «ጌሙ ግን እኔን አያውቀኝም።»

ይህ ቃሏ ከልቤ አልወጣም። እኛን የትኛው ጌም ያውቀን ነበር? ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ያለውን የአስማማውን ጌም ቤት አስታውሰው፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ ዐሥራ አምስት ልጅ። ጌሙ ውስጥ የሞተ ከወንበሩ ይነሣል ነበር ሕጉ። የደረስንበትን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረን በማግስቱ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነበር የምንጀምረው። ጽሑፉ የማናውቀው ቋንቋ ነው፤ የትኛው በር እንደሚከፈት እየሞትን ነው የተማርነው፣ አንዱ የሞተበትንም ሌላው ያስታውስለት ነበር። አስማማው ሴት ልጅ ጆይስቲክ አትይዝም ብሎ ሲከለክለኝ፣ ሁለት ዓመት የምበልጥህ እህትህ ብሆንም፣ አንተ ተራህን ለእኔ ሰጥተህ ከኋላዬ ትቆም ነበር። ሲቆጣህ «የእኔ ተራ ነው፣ ለፈለግሁት እሰጣለሁ» ያልኸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከጌሙ የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተራችን እስኪደርስ መብራት እንዳይጠፋ።

ልጄን ግን አልወቅሳትም። እኛ የታገሥነው ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ነው፤ አሁን እንደ ጀግንነት ብናወራው ራሳችንን ማሞኘት ነው። እሷ ስልኳ ላይ ሃያ ጌም አላት፣ ሃያውም ይለምናታል። አንድ ቀን ከቀረች «ናፍቀሽናል» የሚል መልእክት ይደርሳታል። እኛን የናፈቀን ጌም አልነበረም፤ ናፋቂዎቹ እኛው ነበርን። እንዲህ ተለምና ያደገች ልጅ የአንተ ጉማሬ ሁለት ጊዜ ሲገለብጣት ብትቀየም ምን ይገርማል? እኔም ብሆን ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የሚያባብለኝን ነው የምከፍተው።

ስለዚህ እውነቱ ይህ ነው። ጌምህን ለእኔና ለራስህ ነው የሠራኸው። እኔ ስጫወተው አልቅሻለሁ። ሁለት ተጫዋች ግን እንጀራ አይሆንህም።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ስልኩ ጌሙን እንደከፈተ ፍራሹ ላይ ነበርና አነሡት። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርኋቸውም። አንተ ስትደውል ተነሥተው እንደሚወጡ ታውቃለህ። የሄድህ ቀን «የእርስዎ ታንኳ ሦስት ወር አይቆይም፤ እኔ የማይበሰብስ ነገር እሠራለሁ» ካልሃቸው ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስምህን ሲጠሩ አልሰማሁም።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ ዐስር ሶላት ተጫወቱ፤ በማግስቱም ተጫወቱ። ጉማሬው ሲገለብጣቸው አይናደዱም፤ ልክ ነው፣ እዚህ ጋ ይተኛል እያሉ በሌላ በኩል ይዞራሉ። በሦስተኛው ቀን እንጨቱን ከተማ አደረሱት። ሚስራ አፏን ከፍታ ነበር የምታያቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህን የሠራው ሂሻም ነው» አሉ።

በምን አወቁ አልኋቸው።

«የታንኳውን አፍንጫ እኔ እንደማነሣው ነው ያነሣው። ግን ውኃ አይጠጣም። እዚህ ጌም ውስጥ ባሕር ላይ አምስት ቀን ውሎ አድሮ የማይከብድ ታንኳ የት ነው ያየ? ከደንገል ቄጤማ የታሰረ ነው እኮ፤ ማታ ማታ ወጥቶ፣ ቁሞ ካልደረቀ ይሰጥማል። እያወቀ ነው የተወው።»

ሚስራ ወዲያው ገባት። መጠበቅ በየጌሙ አለ፤ ማስታወቂያ ያየ ሰው ያልፈዋል። ስለዚህ፣ ማስታወቂያ ካየሁ ቶሎ ይደርቅልኛል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አባባ «ፀሐይ ማስታወቂያ አታይም» አሉ። ስትስቅ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የደረቀውን ከእርጥቡ በምን እንደሚለዩ፣ ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉ ስትጠይቃቸው አመሸች። እንዲህ ሆኖ ቢሠራ ትጫወቺው ነበር ብላት፣ እንጃ አለች፤ አያቴ አብረውኝ ከሆኑ።

ምክሬን ከፈለግህ፣ ሥራህንም አትልቀቅ፣ ጌሙንም አትተው። ቀስ ብለህ ሥራው፤ ታንኳው ውኃ ይጠጣ። ሚሊዮን ሰው ይጫወተዋል ብዬ አላታልልህም። አንድ አያትና አንዲት ልጅ ግን ተቀምጠውበት አይቻለሁ።

አባባ ያሉትን በስልክ ልነግርህ ነበር። በስልክ አይሆንም፣ ጻፊው አሉኝ፤ ሌላም ነገር ጨምረው አዘዙኝ። ሰኞ ዕለት ደንገል አሳጭደው ባሕሩ ዳር አስጥተዋል። እጃቸው ከኅዳር ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ ያለውን ስትመጣ እነግርሃለሁ። ደንገሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ይሰባበራል፣ ከዚያ በፊት መታሰር አለበት። ሲታሰር ደግሞ አንዱ በእግሩ እየረገጠ ሌላው ገመዱን እንደሚጎትት አትረሳውም። ማን ይጎትታል አልኋቸው።

«እሱ ይምጣ» አሉ።

እኔ አለሁ አይደል ወይ ብላቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ያንቺ ጉልበት አይበቃም» አሉኝ።

አንተ ከሄድህ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ገመዱን የጎተትሁት እኔ ነኝ፣ ሂሻም። እሺ፣ እጽፍለታለሁ ብቻ አልኋቸው። ና።

አላህ መንገድህን ያሳጥርልህ፣ በደህና አድርሶ ከአባታችን ፊት ያቁምህ። ሚስራ እጅ ነሥታሃለች።

እህትህ
ዘሊካ ዳውድ