አርባ ነው ሰማንያ?

ወንበራ፣ እሑድ የካቲት ፪ ቀን ፲፰፻፺፬። (ዓመቱን በባልሽ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ በዚህስ አልከራከርም።)

ይድረስ ለልጄ ለይታይሽ፣ አሶሳ።

እንዴት ከረምሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነውና እሱን ላስቀድም፤ የወለድሽው ወንድ ነው ሴት?

ሐሙስ ዕለት ነጋዴው ጀዕፈር ከእናንተ ዘንድ ጨርቅ ጭኖ መጣ። አህያውን ሳያራግፍ፣ «ምንውየለት፣ ይታይሽ ወለደ። ልጅ ደህና፣ እሱም ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። እሱ ማን ነው ስለው «ይታይሽ» አለ። ጀዕፈርን ታውቂዋለሽ፤ የአፍ መፍቻው የበርታ ቋንቋ ስለሆነ በእሱ አማርኛ ሴት የሚባል የለም፤ የገዛ ሚስቱን እንኳ «መጣ፣ ሄደ» ነው የሚላት። «ልጁ ወንድ ነው?» አልኩት። «አዎ» አለ። ትንሽ ቆይቼ «ሴት ናት?» አልኩት። «አዎ፣ ልጅ ነው» አለኝ። እልልታው ስንት ነበር ስለው «ብዙ» አለ። ለካ ከደጅ ሆኖ የሕፃን ልቅሶ ሰማ እንጂ አላየም። ቀኑን ግን አጥርቶ ያውቃል፤ ክርስቲያኖቹ ለጥምቀት ወንዝ ሊወርዱ አምስት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መቁጠር ሆኗል። ከባልሽ ጋር በሁሉ ነገር ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች በዚህ አንድ ነገር ሕጋችን አልተለያየም፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ። እኛ ቤተ እስራኤል እናቲቱን ከአራስ ጎጆ አውጥተን፣ ታጥባ ቤቷ በምትገባበት ቀን፣ እነ ባልሽ ልጁን ለክርስትና ወደ ውሃ ይወስዱታል። ሴት ከሆነች እናንተ ዘንድ ለመድረስ እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ አለኝ። ወንድ ከሆነ ግን አርባው የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም ነው፤ የካቲት ፲፭፣ ያውም ቅዳሜ። ልጁ፣ ልጁ እያልኩ እኔም እንደ ጀዕፈር ሆኜ ቀረሁ።

እናትሽ የዝና በዚህ መጨነቄ ገርሟታል። «ወንድም ሆነ ሴት የልጅህ ልጅ ነው፤ ጫማህን አድርግና ሂድ» ትለኛለች። ጉልበቷ ቢፈቅድላት እኔን አትጠብቅም ነበር። የሸክላውን ሥራ እንኳ ተቀምጣ መሥራት አቅቷታል።

ባልሽ ገብረ ሥላሴ ማረሻ ሊያስል በመጣ ቁጥር እንዴት እንደምንከራከር ታስታውሻለሽ። አንቺ ሸክላሽን እያለሰለስሽ ትሰሚያለሽ። እሱ ነቢዩ «ድንግል» ያላት ማርያም ናት፣ ልጇም መጥቷል ይላል። እኔ ደግሞ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የጽዮን ልጅም ድንግል ተብላለች፣ ለምን አንዷን ብቻ ትመርጣለህ እላለሁ። መሲሁ ሲመጣ ጦር ማረሻ ይሆናል ተብሏል፤ እኔ አንጥረኛ ነኝ፣ መጥቶ ቢሆን ከሁሉ በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። በሃያ ዓመት ጦር አምጥቶ ማረሻ አድርግልኝ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ማረሻ አምጥተው ጦር ያሠሩኝ ግን ብዙ ናቸው። ይህን ስለው ባልሽ ዝም አለ፤ በክርክር ያሸነፍኩት መስሎኝ ሳምንቱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ለካ ዝም ብሎ አንቺን ያይ ነበር።

አሁን የማልወደውን ነገር ልጻፍ። በሃይማኖቱ ተጠምቀሽ ካገባሽው በኋላ፣ ወደ አሶሳ ልትወርዱ ስትሉ ልትሰናበቺኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣሽ። ጉልበቴን ልትስሚ ዝቅ ስትዪ «አትንኪኝ» አልኩሽ። ጎረቤቶቻችን እኛን «አትንኩኝ» እያሉ ሲሰድቡን እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ፣ ያን ቃል ከአባትሽ አፍ ሰማሽ። ለሰንበት ታጥቤ ነበር፤ ክርስቲያን ከነካኝ እረክሳለሁ፣ ሕጉ ነው ብዬ ለእናትሽም ለቄሳችንም ነገርኩ። እነሱም አመኑኝ። ግን ይታይሽ፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ወንዙም እዚሁ ነው። ስመሽኝ ስትሄጂ ዳግመኛ መታጠብ እችል ነበር። ሕጉ አልነበረም፣ ቁጣዬ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓርብ ዓርብ ስታጠብ ውሃው ያሳፍረኛል።

ጀዕፈር ነገ ይነሳል። ይህንን ደብዳቤ ይዞ ዓርብ የካቲት ፲፬ ቀትር ላይ አሶሳ እገባለሁ ብሏል፤ እሱ ቅዳሜን ይጓዛል። እኔም አብሬው እነሳለሁ፤ ግን ሁለት ሰንበት መንገድ ላይ ያገኘኛል፣ ሁለቱንም አርፋለሁ። ወንድሙ ሙርሳል አብሮኝ ሊቆም ተስማምቷል። ሁለተኛው ሰንበት አሶሳ ልገባ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረኝ ይይዘኛል። እዚያ ተቀምጬ የእናንተን ተራራ እያየሁ አርባው ያልፋል ማለት ነው። ይህን ለጀዕፈር ብነግረው ሳቀብኝ። «አንተ መሲሁ ይመጣል ትላለህ፣ ገብረ ሥላሴ መጣ ይላል፣ እኛ ይመለሳል እንላለን። ልጅ ግን መጣ። ኻላስ፣ አለቀ» አለኝ። ሰንበትን ግን አልሽርም፤ ለአንቺም ብዬ አልሽርም። እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

ስለዚህ ለባልሽ ንገሪው። አታስጠምቀው አልልም፤ ብልም አይሰማኝም። ወንድ ከሆነ ግን ከሰፈሩ ቄስ ጋር ተነጋግሮ ቅዳሜ መሆኑን ትቶ ለእሑድ ያድርግልኝ። የራሱ ሰንበት ስለሆነ አይከፋውም። ሰንበቴ እንደወጣ እነሳለሁ፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ እደርሳለሁ። ተሸነፈ ብሎ ደግሞ ደስ እንዳይለው፤ «ድንግል» ስለምትለዋ ቃል የምነግረው ገና አላለቀም። ሴት ከሆነች ሁላችሁም ሳቁብኝ፣ እኔም መጥቼ እስቃለሁ።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ አንቺንም፣ የታቀፍሽውንም፣ ባልሽንም ይጠብቅ። እናትሽ ልጁን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ ብላለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እቆማለሁ። አልገባም፣ አሜንም አልልም። ስትወጡ ግን ከማንም በፊት ልጁን ለእኔ ስጪኝ። ፀጉሩ ከውሃው እርጥብ ቢሆንም አታድርቂው፤ እንዳለ እቀበለዋለሁ።

አባትሽ ምንውየለት