የእናትህን ጣት ያየሁ ዕለት

ውድ ኤቤር፣

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሌላ ምንም ነገር እየሠራሁ እንዳልሆነ በቅድሚያ አስታውቃለሁ። ምድጃው ላይ ድስት የለም። ሬዲዮው ተዘግቷል። የስፌት መኪናዬ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉን የት እንዳኖርኩት ግን ትዝ አይለኝም። ገና ጀማሪ ነኝ።

ምን እንደጀመርኩ ልንገርህ፤ መሳቅ ይፈቀዳል። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሶሌዳድ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥታለች። ዕድሜዋ የእኔን የስፌት መኪና አያክልም። ረቡዕ ረቡዕ ለስምንት ሴቶችና ለአንድ ጡረተኛ ፖሊስ ልብ ብሎ መኖርን ታስተምራለች። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስትተነፍስ መተንፈስህን እወቅ፣ ስትበላ መብላትህን እወቅ፣ ሐሳብህ ሲሸሽ ሳትቆጣው መልሰው። ፖሊሱ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑን ጨፍኖ አንኮራፋ። ሶሌዳድም “በጣም ጥሩ፤ ሰውነታችን የሚለንን እየሰማን ነው” አለች።

ለምን እንደሄድኩ ታውቃለህ፤ ግን አንዴ በጽሑፍ ይውጣልኝ። ባለፈው ክረምት እራት ላይ “ዙልማ፣ ከፋብሪካው አሰናበቱኝ” አልከኝ። እጄ ቁልፍ ይተክል ነበር፤ ጆሮዬ የሬዲዮው ድራማ ውስጥ ነበር። “እሺ፣ ስትመለስ ዳቦ እንዳትረሳ” አልኩህ። አልረሳህም። ዳቦውን አምጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ተኛህ። ከሥራ መባረርህን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጎረቤታችን ከግላዲስ ሰማሁ፤ እሷ ደግሞ ከሥጋ ቤቱ። ከዚያ ብርቱካን ለቀማ ብለህ ሳልቶ ከተማ፣ ወንድምህ ዘንድ ሄድክ። ለቀማው አለቀ፤ አንተ አልተመለስክም። የሁለት ሰዓት መንገድ ስምንት ወር ፈጀብህ። ሻንጣህን ይዘህ እናትህን ለእኔ ተውክልኝ። ባል ሄዶ አማት ሲቀር ምን እንደሚባል እስካሁን የነገረኝ የለም።

ትምህርቱን መጀመሪያ የሞከርኩት ሥራዬ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ነጭ የተማሪ ጋዋኑ ከነሰማያዊ ሪባኑ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አንድ ስፌት፣ አንድ ትንፋሽ። ነፍሴ ተረጋጋች። በቀን አሥራ ሁለት የምጨርሰው ሴትዮ ሦስት ጨረስኩ፤ ስድስት እናቶች ነፍሳቸው ሳትረጋጋ ደጄ ላይ ቆመው ጮኹብኝ።

“በሥራ አይጀመርም” አለችኝ ሶሌዳድ። “በየቀኑ ከሚያደርጉት አንድ ትንሽ ነገር ይምረጡ።”

የመረጥኩት ከሰዓት በኋላ ከእናትህ ጋር ከአንድ ቅል በየተራ የምንመጠውን ትኩስ የቅጠል መጠጥ፣ ማቴአችንን ነው።

በመጀመሪያው ቀን እናትህ ቀድተው ቅሉን ሰጡኝ። ሙቀቱን በመዳፌ አዳመጥኩ። የቅጠሉን ሽታ ወደ ውስጥ ሳብኩ። መምጠጫውን በከንፈሬ ነካሁና መራራውን ከምላሴ ጫፍ እስከ ሥሩ ተከተልኩት። ስድስት ደቂቃ! ተረኛዋ ግላዲስ ወንበሯ ላይ ትቁነጠነጥ ጀመር።

“አንቺ፣ ማይክሮፎን መሰለሽ እንዴ?” አሉ እናትህ። “ጠጪና መልሺ! ሰው ይጠብቃል እኮ።”

“እያጣጣምኩ ነው፣ ዶኛ ኢርማ።”

“አጣጥመሽ ስትጨርሺ ቀስቅሺኝ” አለች ግላዲስ።

በሁለተኛው ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። የመምጠጡ ድምፅ ሲጠፋባቸው እናትህ በመስኮት ተጣሩ፦ “ግላዲስ! ነይ ቶሎ! ይቺ ሴት ወይ እየጸለየች ነው ወይ እየሞተች ነው፤ ለሁለቱም አልተዘጋጀሁም!” ግላዲስ ሮጣ መጥታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቴ ላይ ደፋች። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ልብ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሶሌዳድ “ለእያንዳንዱ ነገር አመስግኑ” ብላናለችና ገና የመጀመሪያውን ጠጥቼ ስመልስ “አመሰግናለሁ” አልኩ። ማቴ ላይ “አመሰግናለሁ” ማለት “በቃኝ፣ አትቅዱልኝ” ማለት መሆኑን ረስቼ! አንተ ብትኖር ታፍርብኝ ነበር። እናትህ ፔርሙዙን ከደኑ። “በአንዱ በቃሽ? ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ውሃ ባላሞቅኩ” ብለው ተነሱ። እስከ እራት አላናገሩኝም።

በአራተኛው ቀን አፌን ዘግቼ፣ ዓይኔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ግላዲስ አልነበረችም። ሲቀዱ አየኋቸው። ኤቤር፣ ሲቀዱ ስንት ሺህ ጊዜ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠናል? ፔርሙዙን በቀኝ እጃቸው አዘነበሉ። የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት ከቅሉ አፍ ትንሽ ዝቅ አድርገው ወደ ውስጥ ከተቱ። ትኩሱ ውሃ ሽቅብ መጥቶ ጣታቸውን ሲነካው መቅዳቱን አቆሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ቅሉን ዘረጉልኝ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራዬ፣ ወንበሬ ወደተንቋቋበት በኩል።

የጣታቸው ጫፍ ቀልቷል። ቆዳው ተልጦ፣ ድኖ፣ እንደገና ተልጧል።

ቅጠሉን ባንድ ወገን ብቻ አርሰው ሌላውን ደረቅ በመተው በሰፈሩ ሁሉ የታወቁት እናትህ ዓመት ሙሉ ማቴውን ሲያጥለቀልቁት ነበር። እኔስ አላየሁም? አይቻለሁ። አይቼ ምን አደረግኩ? “አማቴ መቅዳት ጠፋባቸው” ብዬ ለግላዲስ አማኋቸው። ሳቅንም።

“ዶኛ ኢርማ፣ ዓይንዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ምን ሆነ ዓይኔ?”

“ጣትዎን አየሁት።”

የፔርሙዙን ክዳን በዳበሳ ፈልገው ገጠሙ። “ካየሽው አየሽው” አሉ። “ኤቤር ሳይሄድ ነው የጀመረኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ነግሬሻለሁ እኮ። ሁለቴ።”

“እኔ ምን አልኩ?”

“መጀመሪያ ‘መብራቱን ያብሩታ’ አልሽኝ። ሁለተኛ ‘እሺ’ አልሽኝ። ከዚያ ተውኩሽ። ሥራ ይበዛብሻል።”

ሥራ ይበዛብሻል አሉኝ እንጂ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ሶሌዳድ ዘንድ ሄድኩ። “ሰላም ይመጣል ብለሽኝ ነበር” አልኳት። “ምን መጣ?” አለች ፈገግ ብላ። “አማቴ ዓይናቸው ጠፍቶ መጡ” አልኳት። እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከትምህርቷ ሁሉ የጠቀመኝ ያ ነው። ማየት ከጀመሩ በኋላ እንዴት እንደሚቆም ግን አላስተማረችኝም። እናትህ ወደ መኝታ ቤት ሲሄዱ ግድግዳውን በክርናቸው እያሻሹ እንደሆነ አያለሁ። ሾርባው ሲቀርብ እኔ ማንኪያ እስካነሳ ጠብቀው፣ ከድምፁ ምን እንደቀረበ እንደሚያውቁ አያለሁ። ይህ ሁሉ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የግራው አልቆለታል፤ ውስጥ ያለው ግፊት ነው ያጠፋው። የቀኙ ብርሃን ካለ እስከ አንድ ክንድ ድረስ ያያል። በሚቀጥለው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ሐኪሙ ነገር አልሸፈነም፦ “የቀረውን ለማቆየት ነው የምንሞክረው፤ ግን እሱንም ሊያጡት ይችላሉ። ይህን አውቀው ይፈርሙ።” እናትህ “የት ጋ ነው?” አሉ። እጃቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩላቸው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ “ለኤቤር ልደውልለት” አልኳቸው።

“ብትደውይ ቤቱን ጥዬልሽ እወጣለሁ።”

“ወዴት?”

“በሩን ካገኘሁት ወደ ፈለግኩበት።” ትንሽ ሳቁና መልሰው ከበድ አሉ። “አዝኖልኝ የሚመጣ ልጅ አልፈልግም። እሁድ እሁድ ይደውላል፤ ደህና ነኝ እለዋለሁ፤ እሺ ብሎ ይዘጋል። ይበቃኛል።”

እሺ ብሎ ይዘጋል! በመስማት ጉዳይ እኔና አንተ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፣ ኤቤር።

የከለከሉኝ መደወል ነው፤ ስለ ደብዳቤ የተነገረ ነገር የለም። እናም ከአሥራ አራተኛው ቀን በፊት ና። አዝነህ አትምጣ፤ ናፍቀህ ና። ካልናፈቅክም እንደናፈቀ ሰው ሆነህ ና፤ ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸው ስለሚበረታ ግን ተጠንቀቅ። ስትደርስ መስኮቱ አጠገብ፣ ፊትህን ወደ ብርሃኑ አድርገህ ተቀመጥ። ጠጋ በል፤ ከአንድ ክንድ ወዲያ ጥላ ነህ።

ይህን የምጽፈው ስለ እኔና ስላንተ ብዬ አይደለም።

ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩና አየሁት፤ ውሸት ነው። ስለ እኛም ነው። ግን የእኔ ይቆያል። ጊዜ ያጠራቸው እሳቸው ናቸው።

እናትህ አሁን ጎኔ ተቀምጠዋል። “ብዕርሽ ዝም አላለም፤ ለማን ነው?” አሉኝ። ለጋዋን ደንበኛ ነው ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

“ለኤቤር ነው።”

“ሁሉንም ጻፍሽለት?”

“ሁሉንም።”

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወደ እኔ ዞሩ።

“ሳልቶ ሄዶ ጢም አሳደገ የሚሉት እውነት ነው?”

“ግላዲስ ፎቶውን አሳይታኛለች። ደረቱ ላይ ሊደርስ ነው።”

“እንግዲያው ተላጭቶ ይምጣ ብለሽ ጻፊለት” አሉ። “የቀረችኝ አንድ ክንድ ብርሃን ነች፤ በጢም ላይ አልጨርሳትም።”

እንዳሉኝ ጽፌልሃለሁ።

ዙልማ
ፓይሳንዱ