ለእናትሽ ያደንኳት ሚዳቋ

ይድረስ ለልጄ ለውበቴ፣ ሞጣ።

እንደምን ሰነበትሽ? ማስተማሩስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

እናትሽ የሚዳቋ ሥጋ አማረኝ ብትለኝ፣ የገበሬ ማኅበሩ ጠመንጃ ለአንድ ቀን ተፈቅዶልኝ ቆላ ወረድኩ። ሚዳቋዋ ከምትተኛበት ቁጥቋጦ አጠገብ ነፋሱን ወደ ፊቴ አድርጌ ከንጋት ጀምሮ ተጋደምኩ። ረፋድ ላይ ልትተኛ ስትመጣ ጣልኳት። ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ደጋግሜ አረፍኩ፤ አርጅቻለሁ።

ቀቅዬ ባቀርብላት እናትሽ አንድ ጊዜ ቀመሰችና፣ «ይጣፍጣል፤ የቀረውን ለውበቴ አስቀምጥላት» አለችኝ። ቀለበቷም ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት አብሬ አስቀምጬልሻለሁ።

ሥጋውን ቋንጣ አድርጌዋለሁ። ለመምጣት ተማሪዎችሽ እስኪፈተኑ አትጠብቂ፤ ቋንጣው ይበላሻል።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች።

አባትሽ ሣህለ ማርያም፣ ከቢቸና