ዓይኔን የነካ ሌላ እጅ

ጌታሁኔ፣

ከተለየኸኝ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። ምግብ ቤቱን ዘግቼ ክፍሉን ለስልክ ጠጋኝ አከራይቼዋለሁ። ጓዳችን እንዳለ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ከካስተም ገበያ የምገዛው ሽንኩርት ይበሰብስብኛል፤ ለአንድ ሰው መግዛት አልለመድኩም። የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምውልበት ቀን አለ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዓይኔ ነው። በውስጡ ያለው ግፊት እንዳያጠፋው ጠዋትና ማታ ጠብታውን የምትጨምርልኝ አንተ ነበርክ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ አንገቴን ወደ ኋላ እጥላለሁ፤ አንተ በአውራ ጣትህ ሽፋኑን ትይዛለህ። ስጨፍንብህ፣ «ሎሚ አይደለም፣ አትጭመቂው!» ትለኛለህ። ከዚያ ተራው ያንተ ነው፤ ወገብህ አይታጠፍምና ካልሲህን አጠልቅልሃለሁ። እግርህ ይሸታል ስልህ፣ ለአፍንጫዬም ጠብታ እንዲታዘዝልኝ ትመክረኝ ነበር። እንዲህ ተደጋግፈን መኖራችንን ለማንም አልነገርንም።

አንተን ከቀበርኩ በኋላ ራሴ ሞከርኩ። ሽፋኑ ይከደንብኛል፤ ጠብታው ጉንጬ ላይ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ታግዬ ተውኩት። ልጃችን ሰናይት ከአዲስ አበባ ስትደውል ግን እየጨመርኩ ነው እላት ነበር። ከበራችን ፊት ሻይ የምትሸጠው ሮዳ ላግዝሽ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ያ ያንተ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው ከሠራው መሄድህ የሚጸና መሰለኝ።

ባለፈው ወር ሐኪሙ የግራ ዓይኔ እይታ መጥበቡን ነገረኝ። መድኃኒቱን መጨመሬን ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ። እሱም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ካምፓላ ሄጄ ቀዶ ጥገና እንዲደረግልኝ ወረቀት ጻፈ። ሰናይት ልትወስደኝ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች። በገዛ ውሸቴ ዓይኔ ላይ ቢላ ሊያርፍ ነበር።

ሰኞ ተመልሼ ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት። ተቆጣኝ። ቀዶ ጥገናውን ለጊዜው አቆየው፤ የግራው ያጣው እይታ እንደማይመለስ ግን አልደበቀኝም። ለሰናይትም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ጮኸችብኝ።

ጠብታውን አሁን የምትጨምርልኝ ሮዳ ናት። እጇ ከባድ ነው። እየጨመረች ስለ ስኳር መወደድ ታወራለች፤ ስትጨርስ በአረብኛዋ «ኸላስ፣ ማማ!»፣ አለቀ ማለቷ ነው፣ ብላ ወደ ደንበኞቿ ትሮጣለች። በምንም አንተን አትመስልም። የመጀመሪያ ቀን በዚህ ተናደድኩ፤ ኋላ ግን ቦታህን እንዳልወሰደች ሲገባኝ ቀለለኝ።

ቤቱ አሁንም ጭር ያለ ነው፤ ይህን አልዋሽህም። እስካለሁ አስብሃለሁ፣ ጌታሁኔ። ዓይኔን በማጥፋት ግን አይደለም።

ባለቤትህ አልማዝ