የወርቂቱ ቋጠሮ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ጓንጉል፣ ቡልጋ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት አሁንም በምርኩዝ ነው? የእናታችን ዓይንስ እንዴት ነው? ጭስ ውስጥ ተቀምጣ መፍተሏን እንዳልተወች አውቃለሁ፤ ይቆጡልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ግን ደብዳቤውን ጨርሰው ይፍረዱ።

ነጋዴው አቶ ገበየሁ መልእክትዎን አድርሰውልኛል። ጣሊያን ሳይደርስብሽ ማስተማሩን ትተሽ ለፋሲካ ነይ ብለዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሺ ብዬ ልብሴን ሁሉ ጠቅልዬ ነበር። ለምን እንደፈታሁት ነው የምጽፍልዎ።

የማስተምረው ከወይዘሮ ሀዲጃ የጨው መደብር ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ጣሊያን እዚህ አገር አማርኛ እንዲማሩ አይወድም፤ ስለዚህ ኮቴ ሲሰማ ሁላችንም ዘነዘና እናነሳና ጨው ወቃጮች እንሆናለን። እኔን በአለንጋ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ፣ ያለ አለንጋ ሳስተምር ቢያዩኝ መቼም ይስቁብኛል። እዚህ እንሰት ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ገምዶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። እስከ ፋሲካ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱ ይወስንና ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። አወቅሁት ሲል ራሱ ይፈታል፤ በማግስቱ ጠፍቶት ከተገኘ ራሱ መልሶ ይቋጥራል። ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። መጀመሪያ ሁሉም ለመታየት ይፈቱ ነበር፤ ኋላ ግን መልሶ መቋጠሩ ከእርስዎ አለንጋ ይልቅ ያማቸው ጀመር። አንቺም ቋጥሪ ብለው ስለያዙኝ እኔም የራሴን ሰቀልኩ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋጠሮ፣ ያ ሰው ብቻውን ማንበብ ሲችል የሚፈታ።

ከመካከላቸው ወርቂቱ የምትባል፣ ኢዲዶ ከሚሉት የጌዴኦ መንደር የመጣች ሴት ነበረች። ባሏን ይርጉን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዶት እዚያው ሞተ፤ ጸሎት ሳይደረስለት መንገዱ ዳር ቀበሩት። ዳዊት የደገመለት ስለሌለ እኔው አንድ መዝሙር አንብቤ እደግምለታለሁ ብላ ነው የመጣችው። አንድ መስመር ሲገባት የተቀመጠችበትን መደብ በጣቷ መታ መታ ታደርግ ነበር። ካልገባት፣ ገብቶሻል ብዬ ብለምናት እንኳ ጣቷ አይነሳም። መዝሙሩን እኩሌታ አድርሳ ሳለ በኅዳር ንዳድ ያዛትና ሞተች።

ከቀብሯ እንደተመለስኩ ከገመዴ ላይ የእሷን ቋጠሮ ፈታሁ። ከእንግዲህ ምን ላስተምራት? በማግስቱ ወይዘሮ ሀዲጃ ክፍሉን ሲከፍቱልኝ ተቋጥሮ አገኘሁት። አስተሳሰሩ የእኔ አልነበረም፤ የጌዴኦ ሴቶች ቆጮ በኮባ ጠቅልለው የሚያስሩት ዓይነት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ጣቴ የማያውቀው። ዝናብ ከቆመ ቆይቷል፤ ቃጫው ግን ርሶ የአፈር ሽታ ይሸታል።

ከተማሪዎቼ ቀልድ የሚወደውን ደመላሽን ጠረጠርኩ፤ ማለልኝ። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ከወይዘሮ ሀዲጃ አንገት አይወርድም። በወስፌ ፈልቅቄ ፈታሁት፤ እንደገና ታስሮ አደረ። ፈራሁ ጋሼ፣ አልደብቅዎትም። ወይዘሮ ሀዲጃ ነገሩን ሲሰሙ፣ ሳትጨርስ ጨረሰች ብለሽ ስለፈታሽባት ነው፣ እንዲያ አይደረግም ብለሽ ያስተማርሻትም አንቺው ነሽ አሉኝ።

ሌላ መላ ቢጠፋኝ፣ ተማሪዎቹ ሲበተኑ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ባዶ ቦታዋ ፊት ለፊት ተቀምጬ ካቆመችበት መስመር ማንበብ ያዝኩ። የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሌላው ቀን ያንኑ መስመር ስደግመው መደቡ መታ መታ ተደረገ። መሮጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን ማንበቤን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ እየለመድኩት ሄድኩ። ሲመታ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ፣ ዝም ሲል እደግማለሁ። በሕይወት ካሉትም ቢሆን እንደ እሷ ራሱን የማይሸነግል ተማሪ አላየሁም።

እሷን አስጨርሼ ከአቶ ገበየሁ ጋር ልነሳ ነበር ሐሳቤ። ትናንት መዝሙሯ አለቀ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ መደቡ ተመታ። ቋጠሮው ያለ ወስፌ በጣቴ ተፈታልኝ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስታም ነበረበት።

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼን ልሰናበት ስገባ ገመዴ ከላይ እስከ ታች ተቋጥሯል፤ ሁሉም በወርቂቱ አስተሳሰር፣ ሁሉም እርጥብ። መንገዱ ዳር ያለ ጸሎት የተቀበረው ይርጉ ብቻ አይደለም ጋሼ። ተማሪዎቹ ሲመጡ ማንም ሳይነግራቸው መደቡን ለቀው ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። እኔም ጥቅሌን ፈትቼ፣ ባዶው መደብ ፊት ቆሜ ለአዲሶቹ ከ«ሀ» ጀመርኩላቸው። መደቡ እስካሁን ዝም እንዳለ ነው፤ እንግዲህ ገና ጀማሪዎች ናቸው። ለፋሲካ አይጠብቁኝ።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ስለ ወርቂቱ ግን አይንገሯት። እትዬ አሰፋችን በጣም ናፍቃሻለች ይበሉልኝ። ስመኝን ጉንጯን፣ ትንሿን የትምወርቅን ግንባሯን ይሳሙልኝ። አቶ ገበየሁ ሲመለሱ የፊደል ገበታ፣ ያገኙትን ያህል ይላኩልኝ። ያለኝ አንድ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት አይታያቸውም።

ታናሽ እህትዎ ፀዳለ

ዲላ፣ የካቲት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.