ባለጋሪው ወደ ግቢያችን የገባ ዕለት

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ሲጥ ይላል ወይስ ታናሽ ወንድሜ ያመጣልሽ ቅባት ረዳሽ? ቅባቱን ለጎረቤት አድለሽው እንዳይሆን ብቻ፤ እኔ አንቺን አላጣሽም። አባዬስ ደህና ነው? ያንን ሬዲዮ ዛሬም በጥፊ እየመታ ነው የሚያስነሳው? እህቴ ወሯ ገብቷል ብለሽኝ ነበር፤ በሰላም ተገላገለች ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጉንጬ ሞልቷል፤ ብታዪኝ «ኧረ ናፍቆት ያወፍራል እንዴ?» ትዪኝ ነበር።

ባለፈው በስልክ ስንጫወት መስመሩ ተቆርጦብን መልሴ አፌ ውስጥ ቀረ። «አይታረዱ፣ አይሸጡ፣ አይጫኑ፤ ታዲያ ለምንድነው የሚቀለቡት?» ነበር ያልሽኝ። አክስቴም ከጎንሽ ሆና «ሰው አገር ድረስ ሄዳ የከብት ሞግዚት ሆና አረፈችው!» ብላ ከት ብላ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። እውነቷን ነው፣ ሞግዚት ነኝ። በስልክ የማይዘለቅ ወሬ ስለሆነ ነው ዛሬ ተቀምጬ የምጽፍልሽ።

የምሠራበት ግቢ ከከተማው ጫፍ፣ ድሮ ጡብ ይመረትበት የነበረ ቦታ ነው። ጡቡ ይደርቅባቸው የነበሩት ረጃጅም ዳሶች ዛሬ በረት ሆነዋል። እዚህ የሚመጡት ያረጁ፣ የተሰበሩ፣ ጌታቸው የሞተባቸው ወይም የጣላቸው እንስሳት ናቸው። ዶሮዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ሆነው እንቁላል ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። የመጡ ዕለት ላባቸው ተመልጦ አንገታቸው ራቁቱን ነበር፤ አፈር ላይ ባወርዳቸው እግራቸውን አንስተው የት እንደሚያሳርፉት ጠፋባቸው። አሁን ግን ለይቶላቸው ዘራፊ ሆነዋል፤ የሽርጤን ክር ትል መስሏቸው ይጎትቱታል። እሜቴ የምንላት ዓይኗ የጠፋ አሮጊት በግም አለችልሽ። በቦቲ ጫማዬ ድምፅ ታውቀኛለች፤ ከኋላዬ ኮቴ በኮቴ ናት። አንድ ቀን ዘበኛው ጫማዬን ተውሶ ቢያደርግ፣ እሱን ተከትላ መጸዳጃ ቤት ድረስ ሄዳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ፍቅሯ ለእኔ ይሁን ለጫማው እስካሁን አላወቅሁም።

አሁን የምነግርሽ ግን ስለ ፈረሱ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ፈረስ በጭነት መኪና አመጡልን። ሲሚንቶ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ አስፋልቱ ላይ ወድቆ፣ አላፊ አግዳሚው ከጋሪው ፈትቶ ነው ያዳነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ትከሻው ላይ የጋሪው ማሰሪያ የፈገፈገው ቁስል አለ፤ መዳፌን ብዘረጋ አይሸፍነውም። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ የጨው ውሃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ባጠብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ያልረገምኩት ርግማን አልነበረም ብልሽ ይቀለኛል። ኃላፊያችንም እንደኔው ነደደች። አነጋገሯና አረማመዷ የፖሊስ መኮንን ስለሚመስል በሌለችበት ኮማንደር ነው የምንላት። «የዚህ ፈረስ ባለቤት በዚህ በር አይገባም!» ብላ ለዘበኛው አጥብቃ ነገረችው።

ቁስሉ እየጠገገ ሄደ፤ ፈረሱ ግን አልበላ አለ። ድርቆሽ ብንሰጠው አሽትቶ ይተወዋል። ፉርሽካ በጥብጠን፣ ካሮት ከትፈን፣ እንደ ሕፃን ብንለማመጠው ወይ ፍንክች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆማል። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጥርሱንም ሆዱንም አየው። «የሚያመው ነገር አላገኘሁበትም። እንዲህ ከቀጠለ ግን አንድ ቀን ይተኛና አይነሳም» አለን። ሐኪሙ በመርፌም በጉሉኮስም የሚችለውን ሁሉ አደረገ።

በዚህ መሀል ነው ዘበኛው «አንድ ሰውዬ እየመጣ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሳባርረው ሄዶ ተመልሶ ይመጣል» ያለኝ። ብወጣ አንድ ሸምገል ያለ፣ ከሲታ ሰው ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ባለጋሪው እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። እማዬ፣ ባለጌ አድርገሽ አላሳደግሽኝም፤ ያን ቀን ግን አፌ አላረፈም። ስንት ሰዓት ቁስል እንደማጥብ፣ ምን እንደሚሸት፣ ሰው ነኝ ብሎ እንዴት እንደሚያድር፣ አንድ በአንድ ዘከዘክሁለት። እሱ አልተቆጣም፤ አንገቱን ደፍቶ አስጨረሰኝ። ከዚያ «ልክ ነሽ ልጄ። ያን ቀን መጫን አልነበረብኝም። አሞኛል፣ እሱም ደክሞታል፤ ግን ሁለታችንም ካልወጣን አንዳችንም አንበላም ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «ለመሆኑ ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፣ እየጠገበ ነው» ልለው ነበር፤ እንዲቆጨው። ዓይኑን ሳይ ግን ውሸቱን ተውኩት። «አይበላም» አልኩት። ሰውዬው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲረጋጋ «ጓዴ ነው ስሙ። በስሙ ጥሪው እስቲ» አለኝና ሄደ።

ገብቼ «ጓዴ!» ብዬ ጠራሁት። ከመጣ ጀምሮ እንደ ቅጠል የተንጠለጠለው ጆሮው ቀጥ አለ። ከግድግዳው ዞሮ እኔን አልፎ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ አየ። ብዙ ጠበቀ። ማንም እንዳልመጣ ሲያውቅ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። እማዬ፣ አንጀቴን በላው። ስረግመው የከረምኩትን ሰው ፍለጋ አጥር አጥሩን ብሮጥ፣ የለም።

በቀጥታ ወደ ኮማንደር ቢሮ ገባሁ። ትናንት ከሳሽ፣ ዛሬ አማላጅ! እሷ ግን እሺ የምትል አልሆነችም። «ስንቱ ጋሪ ነጂ እዚህ መጥቶ አልቅሶልኝ፣ አዝኜ ብመልስለት በሳምንቱ ከብቱን ጭኖ አገኘሁት መሰለሽ?» አለችኝ። ውሸት አልነበረም። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሲሰማን ቆይቶ «እኔ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ። ሰውዬው አንዴ ገብቶ ቢያየው ከሞት የባሰ ምን ይመጣል?» አለ። እሷም «አንዴ ብቻ። ገመድ፣ ልጓም፣ አለንጋ ይዞ እንዳይገባ። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አለችኝ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቀው፣ በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ቦዞ መጣልኝ።

ልግባ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ «ግባ» ስለው ደነገጠ። ከቧንቧው ፊቱንና እጁን ታጠበ፤ ሸሚዙን አራገፈ፤ ሙሽራ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ገና ከዳሱ ሳንደርስ ሳል ያዘውና ሳለ። ያኔ ከውስጥ የፈረስ ድምፅ ተሰማ። ከመጣ ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው ፈረስ ግቢውን አናጋው! በጎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩ። ሰውዬው ሮጠ ልበልሽ እንጂ እግሩስ የሚሮጥ አልነበረም። ፈረሱ ግንባሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ዝም አለ። ሰውዬው ቁስሉን አየ፤ ሳይነካው እጁን በላዩ አንዣቦ «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያሳመምኩህ» እያለ ደጋገመ። ከዚያ ከመሬት አንድ እፍኝ ድርቆሽ አነሳና በመዳፉ ሰጠው። ፈረሱ መጀመሪያ የሸሚዙን እጅጌ አኘከ፤ ቀጥሎ ድርቆሹን። የማኘኩን ድምፅ ብትሰሚው ከዘፈን ይጥማል። ሐኪሙ መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርጋል፤ ኮማንደር ደግሞ ሞልቶ የተቀመጠ ባልዲ ልሙላ ብላ ወጣች።

ስትመለስ «ልትወስደው ነው የመጣኸው?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችው። እሱ ግን «የለም እመቤቴ። እኔ ጋ ከሄደ፣ የቸገረኝ ቀን ጋሪ ማሰሬ አይቀርም። ራሴን አውቀዋለሁ። እዚሁ ይኑርልኝ» አላት። ብሎም ሊሄድ ተነሳ። ፈረሱ እስከ በሩ ተከተለው። በሩ ሲዘጋ ብረቱ ላይ አገጩን ጥሎ ቀረ፤ እኛም እንደሱው። በማግስቱ ኮማንደር ራሷ ዘበኛውን «ያ ሰውዬ ከመጣ ጥራልኝ» አለችው። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረችንም፤ ከበሮ መትታ ደግ የምትሠራ ሰው አይደለችም። ብቻ ሰኞ ጠዋት ባለጋሪው የኛን ቦቲ አድርጎ ሥራ ገባ።

አሁን ድርቆሹን ለየበረቱ የሚያድለው እሱ ነው፤ በሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ። እሱ ከፊት ይጎትታል፤ ጓዴ ያለ ገመድ ከኋላ ይከተላል፤ እየሄደም ከጭነቱ ላይ ይሰርቃል። ሰውዬው ዞር ብሎ «አይ ጓዴ፣ እንዲህ ነበር እንዴ የሚከብድህ?» ይለዋል። ጎኑ ሞልቷል፤ ፀጉሩ ያበራል። እና እማዬ፣ ለምን እንደሚቀለቡ ቃላት አሰማምሬ ልነግርሽ አልችልም። ያንን የማኘክ ድምፅ የሰማሁ ቀን ግን ጥያቄው ራሱ ከሆዴ ጠፋ።

የአጎቴ ልጅ ሆቴል ውስጥ ንጹሕ ሥራ አግኝቶልኝ ነበር፤ አመስግኜ ይቅርብኝ አልኩት። ከእኔ ከመስማትሽ በፊት ሌላ እንዳይነግርሽ ብዬ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

አባዬን ጉልበቱን ስሜልሃለሁ በይልኝ። ወንድሜን በእኔ ቦታ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፤ እህቴን ከነሆዷ፣ ወልዳም ከሆነ ከነሕፃኗ እቀፊልኝ። አክስቴን ሳቋ እንደናፈቀኝ ንገሪያት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በያት።

ከዚህ ጋር ፎቶ ልኬልሻለሁ። በግራ ያለው ባለጋሪው ነው፤ ኮማንደር አልነሳም ብላ ጥላዋ ብቻ ወጥቷል። አገጩን ትከሻዬ ላይ የጣለብኝ ጓዴ ነው፤ ከብዶኛል፣ ግን አልገፋሁትም።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከመጠለያው ግቢ፣ ከሠራተኞች ማደሪያ
ጥቅምት ፲፱ ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ