የደፋሁት ጠላ

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ገላነሽ፣ ሐዋሳ

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ተሻለዎት? ባለቤትዎ ጋሽ ተስፋውስ፣ ልጅዎ ምሕረትስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ዝናቡ ጥሎልን እርሻ ጀምረናል። ይህን የምጽፍልዎን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅዎን ስሰማ ስለ በቆሎው ብቻ አውርቼ ዘጋሁ።

አምና ለሰኔ ሚካኤል ማኅበራችን ጠላውን ሊጠነስሱልን ከዚያ ድረስ መጡ። በዋዜማው ቫይረሱ በደምዎ እንዳለና መድኃኒት እንደሚወስዱ ለእኔ ብቻ፣ አምነው ነገሩኝ። ጠዋት እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠላውን በባልዲ እየቀዳሁ ጓሮ ደፋሁት። ለማኅበርተኛው ሆምጥጦ ነው ብዬ ከጠላ ቤት የተገዛ አቀረብሁ። ሴቶቹ የገላነሽን እጅ ምን ነካው ሲባባሉ እየሰማሁ ዝም አልሁ። እርስዎ ግን ጓሮው ጠላ ጠላ ሲሸት ገብቶዎታል። አንድ ቃል ሳይናገሩኝ በነጋታው ሻንጣዎን ይዘው ሄዱ።

አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ፍኖተ ሰላም ስማር የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ሆኜ፣ አብሮ መብላት አያስተላልፍም የሚል ግጥም በሰልፍ ላይ አንብቤያለሁ። ደብተሬን እየገዙ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ነገሩ ቤቴ ሲገባ ያ ሁሉ ትምህርት ከፍርሃቴ አላዳነኝም።

ባለቤቴ ስመኝ ፀንሳለችና በመጋቢት አብረን ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷን የሰው ጉዳይ አስመስዬ በጠላ ይተላለፋል ወይ አልኋት። ጥንቃቄ በጎደለው ግንኙነት፣ በደምና ከእናት ወደ ልጅ እንጂ በመብልና በመጠጥ እንደማይተላለፍ ነገረችኝ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰውም በግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም አለች። ከዚያ ቀና ብላ ማንን እንዳገለልሁ ጠየቀችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ለግንቦት ሚካኤል፣ ማኅበሩ ጋሽ ባምላኩ ቤት ነበር። ተነሥቼ የእኅቴ ጠላ አልሆመጠጠም፣ የደፋሁትም የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልሁ። ለምን ሲሉኝ ፈርቼ ነው አልኋቸው። ምኑን ፈርተህ ለሚለው አፌን ዘጋሁ፤ ምስጢሩ የእርስዎ ነው፣ ለስመኝም አልነገርሁም። ጋሽ ባምላኩ፣ ሚካኤል ይቅር ይበልህ፣ እኛ ግን ያን ጠላ ስላስቀረህብን እንቀየምሃለን አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

የሰኔው ተራ ዘንድሮም የእኛ ነው። ጌሾው ተወቅጧል። ቢመጡልኝ ጠላውን እርስዎ ይጠንስሱት፤ መጀመሪያ እርስዎ ቀምሰው፣ የተረፈውን በዚያው ዋንጫ ለእኔ ይስጡኝ። ይቅር ባይሉኝም እውነትዎ ነው።

እናታችን ገላነሽ መቼ ነው የምትመጣ እያሉ ይጠይቁኛል። ስመኝ ጉልበትዎን ትስማለች፤ ልጃችን ውዳሴ አክስቴን ሳሙልኝ ብላለች። ጋሽ ተስፋውንና ምሕረትን በእኔ ስም ሰላም ይበሉልኝ። ጋኑን ጠላውን በደፋሁ ዕለት በግራዋ ሰባት ጊዜ አጥቤ ደፍቼው ነበር። እስካሁን ማንም አልጠነሰሰበትም፤ እርስዎ እስኪያቃኑት እንደተደፋ ነው።

ያፈረ ወንድምዎ ክንዱ
ማንኩሳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.